ጃንዋሪ 1 የተወለዱ ሰዎች ለምን ይጠብቃሉ?

የዳታቤዝ ክላስተር፣ ማለትም መረጃ ተካፍለው የሚይዙ ማሽኖች (ኖዶች) ስብስብ፣ ሲንቀራፈፍ ከመሐንዲሶች አፍ ቀድሞ የሚወጣው ቃል «ኖድ እንጨምር» ነው። እዚህ እስራኤል በሠራሁባቸው ቦታዎች ሁሉ ሰምቼዋለሁ። አዲስ አበባ ካሉ የሙያ ጓደኞቼ ጋር ስናወራም ያው ነው። ገንዘብ ካለ ማሽን ይገዛል፣ ከሌለ «በጀት የለንም» ተብሎ ተጠቃሚው ይጉላላል። በሁለቱም መንገድ መረጃው እንዴት እንደተደለደለ የሚጠይቅ የለም። ይህን ልማድ የምቃወመው ያቃጠለኝን አንድ ቀን ስለማልረሳው ነው።

የምኖረው አሽዶድ፣ ማሪና ነው። ዕለቱ እሑድ ነበር፤ እዚህ አገር የሥራ ሳምንት የሚጀምረው እሑድ ነው። ተረኛ ስለነበርኩ ቡናዬን ይዤ በረንዳ ላይ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ከታች ጀልባዎቹ በየመቆሚያቸው ታስረዋል። ሥራችን ለአንድ የስልክ አገልግሎት ማዕከል መረጃ ማቅረብ ነበር፤ ሰው ሲደውል ስሙንና የትውልድ ቀኑን ይጠየቃል፣ ከዚያ የቀድሞ ጉዳዩ ሁሉ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ዳታቤዙ 6 ኖድ ያለው የካሳንድራ ክላስተር ነው። ሦስቱ ኖዶች ትንፋሽ አጥሯቸዋል፤ ሌሎቹ ሦስቱ ሥራ የላቸውም ማለት ይቻላል። በቀደመው ወር ይኸው ችግር ሲነሳ የተሰጠው ውሳኔ 3 ኖድ ይጨመር የሚል ነበር፤ ትእዛዙም ወጥቷል።

ተጨመሩ። አዲሶቹ ኖዶች ክላስተሩን ሲቀላቀሉ ድርሻቸውን ከነባሮቹ እየቀዱ ስለሚወስዱ፣ የደከሙት ሦስቱ ለጥቂት ሰዓታት ይብሱን ደከሙ። ሲረጋጋም ያየነው ሦስት የሚንገላቱና ስድስት የሚያንቀላፉ ማሽኖችን ነው። ወጪው በግማሽ አድጎ የደዋዩ ጥበቃ አልቀነሰም።

ምክንያቱ ከባድ ሳይንስ አይደለም። ካሳንድራ ፌስቡክ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ለሁሉም ክፍት የሆነ ዳታቤዝ ነው። መረጃ ሲገባ ፓርቲሽን ኪ የሚባለውን የመከፋፈያ ቁልፍ ወደ ቁጥር ይቀይርና በዚያ ቁጥር መሠረት ኖድ ይመርጥለታል፤ ብዙ ጊዜ በ3 ቅጂ ያስቀምጠዋል። አንድ ዓይነት ቁልፍ ያለው ሁሉ አብሮ ነው የሚቀመጠው። ፓርቲሽን ለሁለት አይከፈልም፤ 100 ኖድ ቢመጣም የሚያርፈው ያው ሦስት ኖድ ላይ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፣ ክላስተርም የተሠራው በዚሁ እምነት ነው። ነገር ግን ሸክሙን ሁሉ አንድ ፈትል ላይ ያንጠለጠለ ሰው ድር ጨመርኩ ብሎ ሊጽናና አይገባም።

ታዲያ ያቺ ፈትል ማን ናት? ማዕከሉ ሲጀመር ቁልፍ የተደረገው የትውልድ ቀን ነበር። ኖድቱል በሚባለው መሣሪያ በጣም የሚነኩትን ፓርቲሽኖች ስጠይቀው ዝርዝሩን አወጣልኝ። ከላይ 1950-01-01። ከሥሩ 1940-01-01። ቀጥሎ 1960-01-01። ጣቴ ኪቦርዱ ላይ ቀረ።

የእናቴ መታወቂያ ላይም ያለው ጃንዋሪ 1 ነው። እናቴ ጎንደር፣ ደምቢያ ውስጥ ጤፍ ሲዘራ፣ በሐምሌ ዝናብ እንደተወለደች ነው የምታውቀው። ግንቦት 1983 (እ.ኤ.አ. 1991) በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲወሰዱ ከመካከላቸው ነበረች። ከገጠር ለመጣ ሰው የፈረንጅ የልደት ቀን ማን አስተምሮት ያውቃል? ዓመቱ በግምት ተሞላ፣ ቀኑ ጃንዋሪ 1 ተባለ። እንደ እሷ ያሉ እናቶችና አባቶች በማኅበረሰባችን ብዙ ናቸው።

እንግዲህ ያ ማዕከል ላይ ሁልጊዜ የሚጠብቁት ያው እነዚሁ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። አማካዩን ላየ ሰው ችግር የለም፤ ሪፖርቱ ለወራት አረንጓዴ ነበር። ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ቶሎ ሲስተናገድ አንዱ ቢጠብቅ አማካዩ አይናገርም። ያ አንዱ በየቀኑ የተለያየ ሰው ቢሆን ዕድል ነው እንል ይሆናል። ሁልጊዜ የኛ ሽማግሌዎች ሲሆኑ ግን ስሙ ሌላ ነው። ክፉ ሐሳብ የነበረው ሰው አልነበረም፤ ሰንጠረዡን የሠሩት የልደት ቀን በ365 ቀን እኩል እንደሚበተን አምነው ነው። የሙከራ መረጃውንም በዕጣ እያወጡ ስለሞሉት ሙከራው አለፈ። ይህን እምነት አንድ የጎንደር አሮጊት ብትጠየቅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ታፈርሰው ነበር።

«ኖድ እንጨምር» ወይም «ዳታቤዙን እንቀይር» የሚሉ ሰዎች የመልእክት መለዋወጫውን ዲስኮርድን ይጠቅሱልኛል። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ መልእክቶቹን የያዘው የካሳንድራ ክላስተር 177 ኖድ ደርሶ ነበር፤ ሲላ ዲቢ ወደሚባል ሌላ ዳታቤዝ ሲዛወሩ 72 በቃቸው። እውነት ነው፣ ሶፍትዌሩ ለውጥ አምጥቷል። ይሁን እንጂ ከዝውውሩ ጋር በዳታቤዙ ፊት ሌላ አገልግሎት አቁመው አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ጊዜ ከሺህ ሰው ሲመጣ አንዴ ብቻ እንዲጠየቅ አድርገዋል። ከዚያ በፊትም ቁልፉን የቻናሉ ቁጥር ብቻ ሳያደርጉ በ10 ቀን ከፋፍለውት ነበር። እንዲያም ሆኖ አንድ ቻናል አሰቃይቷቸዋል፤ ሚሊዮን መልእክት ተሰርዞበት የቀረው አንድ መልእክት ብቻ ነበር። ካሳንድራ ሲሰርዝ ወዲያው አያጠፋም፤ ቶምብስቶን የሚሉትን፣ በኛ የመቃብር ድንጋይ የሚባለውን ምልክት ይተክላል፤ ቅንብሩ ካልተቀየረ ምልክቱ ቢያንስ 10 ቀን ይቆያል። ያቺን አንዲት መልእክት ለማንበብ በመቃብሩ መሐል ሁሉ ማለፍ ነበረበት። ይህን ማሽን አይፈታውም።

ሲላ ራሱ እስራኤላውያን የመሠረቱት ሥራ ነው፤ ባለሙያዎቹን አከብራለሁ። እሱ ግን መረጃውን በኖድ ብቻ ሳይሆን በፕሮሰሰሩ ኮር ጭምር ስለሚደለድል፣ አንድ ፓርቲሽን በየኖዱ አንድ ኮር ላይ ነው የሚወድቀው። የተበላሸ ቁልፍ ይዞ የሄደ ሰው ችግሩን እዚያም ያገኘዋል።

ማሽን መጨመር የሚገባበት ጊዜ አለ። ሁሉም ኖዶች እኩል ከደከሙና ዲስኩ ከሞላ ጨምሩ፤ ያኔ ክርክር የለኝም። የምቃወመው ሳያዩ መጨመርን ነው። ትምህርት ቤት የተማርነው መረጃውን በየዘርፉ አስቀምጠህ ጥያቄውን በኋላ ጠይቅ የሚል ነበር። እዚህ ጥያቄው ይቀድማል፤ ማን፣ ምን፣ በቀን ስንት ጊዜ ይጠይቃል? ሰንጠረዡ የሚቀረጸው ከዚያ በኋላ ነው። እኛም በመጨረሻ ፍለጋውንና ታሪኩን ለየናቸው። በልደት ቀን የሚፈለገው ሰንጠረዥ ለአንድ ሰው አንድ መስመር ብቻ ያዘ፤ የጉዳዩ ታሪክ በመታወቂያ ቁጥርና በዓመት ተከፋፈለ። አሮጌውን ታሪክ ወደ አዲሱ ማሸጋገር ሁለት ሳምንት ያህል ሌሊት ፈጀብን። የተጨመሩት 3 ኖዶች ተመለሱ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚሠሩ ወገኖቼ ይህ ሩቅ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የመጣው ዲጂታል መታወቂያ ለሰው 12 አሃዝ ያለው የፋይዳ ቁጥር ይሰጣል፤ ለቁልፍነት እንደ እሱ ያለ ቁጥር ይመረጣል። መረጃውን በከተማ ስም የከፋፈለ ግን አዲስ አበባን አንድ ፓርቲሽን ላይ ይቆልላል። በወር የከፋፈለም ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ብቻ መሆኗን፣ ደመወዝ የሚወጣበት የወር መጨረሻ ደግሞ ከሌላው ቀን ጋር እንደማይተካከል ያስብ። በገጠር ዕድሜ በግምት እንደሚነገርም ከእኔ በላይ ያውቁታል።

አሁን አንድ ሰው ኖድ ይጨመር ሲለኝ ትልልቆቹን አሥር ፓርቲሽኖች በቁልፋቸው አሳየኝ እለዋለሁ። አዲስ ሰንጠረዥ ሲቀርብ ደግሞ የሙከራ መረጃውን እከፍትና ጃንዋሪ 1 የተወለዱት ስንት እንደሆኑ እቆጥራለሁ።