ለመንገድ የሚያዝ የውሃ ማጣሪያ

እስካሁን ስለ ቤት ውሃ ስንጽፍ ቆይተናል። ስለ እንስራ ክዳን፣ ስለ ጀሪካን አጠባ፣ ስለ ምንጭ አጥር አንብባችኋል። ዛሬ ስለ መንገድ ውሃ እንነጋገር።

ሰው ሁልጊዜ ከቤቱ አይውልም። እረኛው ከብቱን ተከትሎ ቆላ ይወርዳል። ነጋዴው ሁለት ቀን ተጉዞ ገበያ ይደርሳል። ጎልማሳው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይሄዳል። ሌላው ለጠበል ይወጣል። ስንቁን ሁላችንም እንይዛለን። በሶ አለ፣ ቆሎ አለ፣ ድርቆሽ አለ። ውሃውን ግን ካገኘንበት እንጠጣለን።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቋራ ወረዳ በበርሜል ጊዮርጊስ ጠበል አካባቢ ኮሌራ ተነስቶ ነበር። ከየአገሩ የመጡ ሰዎች ታመሙ። የሞቱም አሉ። በሽታው የጠበሉ ነው አንልም። ብዙ ሕዝብ በአንድ ቦታ ሲሰፍርና መጸዳጃ ሲያንስ፣ ዐይነ ምድር በጎርፍ እየታጠበ ሰው የሚጠጣው ውሃ ውስጥ ይገባል። ኮሌራ ያልታከመን ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሰውነቱን ውሃ ጨርሶ ሊገድለው ይችላል። በሰሊጥ አጨዳ ቦታም፣ በገበያ መንገድም ነገሩ ያው ነው።

እኛ የምናስተምርበት ጣቢያ ከደባርቅ ብዙ አይርቅም። ወደ ሰሜን ተራሮች የሚመጡ የውጭ እንግዶች ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ ላይ ድንኳን ተክለው ያድራሉ። የወንዝ ውሃ ሲጠጡ ዝም ብለው አይጠጡም። አጭር ቧንቧ ከኪሳቸው አውጥተው በሱ ይመጡታል። አንዳንዱም ከረጢት ሙሉ ውሃ ቀድቶ በማጣሪያ ውስጥ ይጨምቀዋል። አንዳንድ እንግዳ ወደ አገሩ ሲመለስ ማጣሪያውን ለበቅሎ ነጂው ይተውለታል። ጥያቄው የመጣልን ከነዚሁ ከበቅሎ ነጂዎቹ ነው። «ይህ ነገር ምን ያደርጋል? እንግዛ ብንልስ የትኛውን እንግዛ?» አሉን።

መልሱን ሳንጀምር አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። «ልጆቼ፣ እኔ ስልሳ ዓመት ሙሉ ከዚህ ወንዝ ጠጥቻለሁ። ምን ሆንኩ?» አሉ። እኛ መልስ ስናፈላልግ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ቀደሙን። «አባባ፣ እርስዎማ ድነው ነው የሚጠይቁት። ተቅማጥ የወሰደብን ልጆች መጥተው አይጠይቁ» አሏቸው። ቤቱ ጸጥ አለ። አባባም ራሳቸውን ነቀነቁና «እሱስ እውነት ነው፣ በሉ ንገሩን» አሉ።

እንግዲህ ማጣሪያ ማለት ወንፊት ማለት ነው። ሌላ ተአምር የለውም። በስንዴ ወንፊት ጤፍ ብንነፋ ጤፉ ሁሉ ያልፋል። ቀዳዳው ሰፊ ነዋ! የውሃ ማጣሪያም እንደዚሁ ነው። ከቀዳዳው የሚተልቀውን ያስቀራል፣ ከቀዳዳው የሚያንሰውን ያሳልፋል። ስለዚህ ሻጩን መጀመሪያ የምንጠይቀው ዋጋውን ሳይሆን ቀዳዳውን ነው።

ቀዳዳው በዐይን አይታይም። የሚለካው በማይክሮን ነው። አንዲት የጤፍ ፍሬ 1 ሚሊሜትር ገደማ ናት። ያችን ፍሬ 1,000 ቦታ ብንከፍላት አንዱ ክፋይ 1 ማይክሮን ይሆናል። የአሜባና የጃርዲያ እንቁላል ወደ 10 ማይክሮን ይጠጋል። የኮሌራ ጀርም ውፍረቱ ከ1 ማይክሮን ያንሳል፣ ግማሽ ያህል ነው። ለዚህ ነው በጎ የመንገድ ማጣሪያዎች ቀዳዳቸው 0.2 ወይም 0.1 ማይክሮን የሚሆነው። ይህን ያህል የጠበበ ቀዳዳ አሜባንም፣ ጃርዲያንም፣ የኮሌራንና የታይፎይድን ጀርም ያስቀራል። አልቅትማ ምኑ ይወራል!

እዚህ ላይ ትምህርታችሁ ይጠቅማችኋል። በዕቃው ላይ ያለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የውጭ አገር ፊደል ነው። ቁጥሩ ግን እናንተ የተማራችሁት ቁጥር ነው። 0.2 ን «ዜሮ ነጥብ ሁለት» ብለን እናነባለን። 0.1 ን «ዜሮ ነጥብ አንድ» እንላለን። ነጥቧን አትዝለሏት። 0.1 እና 1 አንድ አይደሉም። ቀዳዳው 1 ማይክሮን ከሆነ አሜባን ያስቀራል፣ የኮሌራን ጀርም ግን ሊያሳልፍ ይችላል። ነጥቧ ትንሽ ናት፣ ልዩነቱ ግን የሕይወትና የሞት ነው። ቁጥሩ ጭራሽ ያልተጻፈበትን ዕቃ አንገዛም። ሻጩ ቢምልም አንገዛም።

ስለ ቀዳዳ ይህን ያህል የምናወራው በምክንያት ነው። መልካቸው የሚመሳሰል፣ ሥራቸው ግን የሚለያይ ቧንቧዎች አሉ። በጋምቤላ ጊኒ ዎርም የሚባል ትል አለ። ሰው ኩሬ ውሃ ሲጠጣ ከጥቃቅን የውሃ ነፍሳት ጋር አብሮ ይገባል። ዓመት ያህል በሰውነት ውስጥ አድጎ፣ አንድ ሜትር የሚደርስ ትል ሆኖ፣ አብዛኛውን ጊዜ በእግር በኩል ቆዳ ቀድዶ ይወጣል። ክትባትም፣ የሚያድን መድኃኒትም የለውም። መከላከያው ውሃውን ማጥለል ነው። ለዚህ ተብሎ በአንገት የሚንጠለጠል፣ ጫፉ ላይ ወንፊት ያለው ቧንቧ ለሕዝብ ታደለ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1986 በዓለም ላይ በዓመት 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰው በዚህ ትል ይያዝ ነበር። በ2023 የተያዙት 14 ሰዎች ብቻ ናቸው። ከዚህ ሥራ ብዙው የተሠራው በጨርቅ፣ በወንፊትና በማስተማር ነው።

ታዲያ ያ ቧንቧ ለዚያ ትል ብቻ ነው። ወንፊቱ የውሃ ነፍሳትን ይይዛል፣ የኮሌራን ጀርም ግን አይይዝም። ላይፍስትሮው የሚባለው የመንገደኛ ቧንቧ የተወለደው ከዚሁ ከጊኒ ዎርም ቧንቧ ነው። በውስጡ ያለው ማጣሪያ ግን ሌላ ነው፤ ቀዳዳው 0.2 ማይክሮን ነው። ሁለቱንም ጎን ለጎን ብታዩአቸው በመልክ ላትለዩአቸው ትችላላችሁ።

ማጣሪያው የማያስቀረውንም እንወቅ። ቫይረስ የሚባሉ ተሐዋስያን ከ0.1 ማይክሮን ያንሳሉ። ከነሱ መካከል የሕፃናት ተቅማጥ የሚያመጣ አለ፣ ዐይን የሚያስበጭ የጉበት በሽታም አለ። እነዚህ ቀዳዳውን ያልፋሉ። ሰው በብዛት ከሰፈረበት ቦታ በታች የተቀዳ ውሃ ከሆነ፣ ከተጣራም በኋላ ማፍላት ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ መድኃኒት መጨመር ያስፈልጋል። በውሃ የሟሟ ነገርም አይቀርም። ጨው በሻይ ማጥለያ ይቀራል እንዴ? አይቀርም። እንደዚሁ በማሳ ላይ የተረጨ የተባይ መርዝ ውሃ ውስጥ ከገባ ማጣሪያው አያድነንም። በስምጥ ሸለቆ በዝዋይ፣ በመቂና በወንጂ አካባቢ ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድም በዚህ ዐይነት ማጣሪያ አይወጣም። ቢፈላም አይወጣም። መርዝ የነበረበትን ጀሪካን አጥቦ ውሃ መያዝማ ጨርሶ አይታሰብ።

ቀዳዳውን ካወቅን በኋላ ቅርጹን እንምረጥ። የሚመጠጠው ቧንቧ ቀላልና ትንሽ ነው። ለአንድ እረኛ ይበቃል። ጉድለት ግን አለው። ሰውየው ወንዝ ዳር ተንበርክኮ መምጠጥ አለበት፣ ወይም በጣሳ ቀድቶ መምጠጥ አለበት። አጣርቶ ለሌላ ሰው ማቅዳት አይችልም። ትንሽ ልጅም ጉልበት አንሶት መምጠጥ ያቅተዋል። ስለዚህ ልጅ አዝላ ለምትሄድ እናት እኛ ይህንን አንመርጥላትም። ለሷ የሚሻለው በከረጢት ወይም በፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ የሚገጠመው ነው። ጠርሙሱን ስትጨምቀው ንጹሕ ውሃ በጣሳ ይወርዳል። ለአጨዳ አብረው የሚወርዱ ስምንት አስር ሰዎች ደግሞ ገንዘብ አዋጥተው በዛፍ ቅርንጫፍ የሚሰቀለውን ትልቁን ከረጢት ቢገዙ ይበጃል። ማታ ሞልተው ሰቅለውት ሲተኙ ውሃው በራሱ ክብደት ሲጣራ ያድራል። የሸክላ ማጣሪያ ለቤት ደኅና ነው። ለመንገድ ግን ይከብዳል፣ ይሰበራልም።

ዋጋን በተመለከተ አንድ ስሌት እንሥራ። በአንዱ ቧንቧ ላይ «4,000 ሊትር» የሚል ተጽፏል እንበል። በመንገድ በቀን 4 ሊትር የሚጠጣ ሰው 1,000 ቀን ይጠቀምበታል ማለት ነው። ይህ ግን ውሃው ጥሩ ሲሆን ነው። በክረምት የደፈረሰ ጎርፍ ከቀዳንበት ቶሎ ይዘጋል። ስለዚህ የደፈረሰውን ውሃ አስቀድመን እናሳርፈው፣ ከዚያ በጨርቅ እናጥልለው፣ ከዚያ ወደ ማጣሪያው እናግባው። ሲዘጋም መታጠብ የሚችል መሆኑን እንጠይቅ። የሚመጠጠውን ቧንቧ ጠጥተን ስንጨርስ በጫፉ እፍ እንለዋለን። የሚጨመቀው ዐይነት ግን መርፌ የሌለው ሲሪንጅ አብሮት ይመጣል። በሱ ንጹሕ ውሃ ወደኋላ ስንገፋበት ጭቃው ይወጣል። ያ ሲሪንጅ ከጠፋ ዕቃው ብዙ አይቆይም፤ ስትገዙ መኖሩን እዩ።

ለደጋ ሰዎች አንድ ከባድ ነገር እንንገራችሁ። የማጣሪያው ውስጥ እንደ ገለባ ባዶ በሆኑ በጣም ቀጫጭን ክሮች የተሞላ ነው። እርጥብ እንዳለ ውርጭ ከመታው ክሮቹ ይሰነጠቃሉ። ከውጭ ምንም አይታይም። ውሃም ይወርዳል፣ እንዲያውም ፈጥኖ ይወርዳል። ጀርሙ ግን በስንጥቁ ያልፋል። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት በተራራ ላይ የሚያድር ሰው ማጣሪያውን ከጋቢው ውስጥ ይዞ ይተኛ። ደጅ አድሮ ውርጭ የመታውን ማጣሪያ አንጠቀምበትም፣ እንጥለዋለን። ያሳዝናል፣ ርካሽ ዕቃ አይደለምና። ግን ምን ይደረጋል? እንግዳ የሰጣችሁ ቧንቧም ከሆነ፣ ውርጭ መቶት እንደሆነ ሳይሄድ ጠይቁት።

አፍ የሚነካውን ጫፍ ያልተጣራ ውሃ ውስጥ አትንከሩ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳል።

«እኛ የምንገዛበት ገንዘብ የለንም» የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው። በባንግላዴሽ አገር ሴቶች ያረጀ የጥጥ ልብሳቸውን ደራርበው አጥፈው ውሃ ያጠልሉ ነበር። በመንደሮቹ የኮሌራ በሽተኛ ቁጥር በግማሽ ያህል ቀነሰ። ጥናቱም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 ታተመ። «ጀርሙ ከጨርቅ ቀዳዳ ያንሳል አላላችሁም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ብለናል። ግን የኮሌራ ጀርም ብዙውን ጊዜ በጥቃቅን የውሃ ነፍሳት ላይ ተጣብቆ ነው የሚኖረው። ነፍሳቱ በጨርቁ ሲቀሩ እሱም አብሯቸው ይቀራል። እንግዲህ ያረጀና የታጠበ ነጠላ አራት አምስት ጊዜ አጥፎ ማጥለል ምንም ከማጣት ይሻላል። ግማሹ ግን አሁንም ይታመማል፤ ስለዚህ ከተጠለለ በኋላ እናፍላው። በደጋ ውሃ ቶሎ ይፈላል፣ ሙቀቱ ግን ከቆላው ያነሰ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ አገር፣ ደባርቅም ከዚያ በላይ ናት፣ ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ማገዶ በሌለበት መንገድ ውሃ አጋር እንያዝ። መጠኑና የሚቆይበት ሰዓት በጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

የጠየቃችሁን በቅሎ ነጂዎች፣ ቧንቧችሁን ይዛችሁ ወደ ጣቢያው ኑ። ቁጥሩን አብረን እናነበዋለን። በሚቀጥለው ሳምንት ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ አቆፋፈር እንጽፋለን።