ልጃችን ሥርዓተ ጾታ ብታጠና ምን ያስፈራናል?

በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ከ2004 ወዲህ፣ ሴት ልጅን ለማስተማር ርቀቱ ሰበብ መሆኑ ቀርቷል። ዛሬ የምንሰማው ሌላ ነው። ልጅቱ ከዋናው ትምህርቷ ጎን የሴቶችና የሥርዓተ ጾታ ትምህርት ልውሰድ ስትል፣ «የፈረንጅ ነገር ነው፤ ዲንሽን ያስጥልሻል» ትባላለች።

በእርግጥ በዚህ ትምህርት ውስጥ ከእምነታችን ጋር የሚጋጭ ሐሳብ አይጠፋም። ነገር ግን ይህን ለይቶ መልስ የሚሰጠው ያወቀ እንጂ የሸሸ አይደለም።

ለመሆኑ ሴትን የሚጎዳው ሁሉ ከውጭ የመጣ ነውን? በደቡብ ጎንደር ደጋ ልጅን ያለ ዕድሜዋ መዳር የማን ልማድ ነው? ቁርኣን በሱረቱ አን-ኒሳእ ለሴት ልጅ የውርስ ድርሻዋን ወስኖላታል። «ለወንድምሽ ተይለት» የሚላት ባህል እንጂ ሸሪዓ አይደለም።

በ1992 የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የጋብቻን፣ የፍቺንና የውርስን ጉዳይ የሚዳኙት ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ መሆኑን ደንግጓል። ታዲያ ስምምነቷ ምን እንደሚያስከትል ያልተነገራት እህት በምን አውቃ ትስማማለች? በመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ ስሟ ከባሏ ጋር መጻፉ ምን መብት እንደሚሰጣት ማን ያስረዳታል? ሸሪዓውንም፣ ሕጉንም፣ ልማዱንም ለይታ የተማረች ልጃችሁ ናት!

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ከ2,000 በላይ ሐዲሶችን ያስተላለፉ፣ ታላላቅ ሰሓቦች ሳይቀሩ የሚጠይቋቸው ዐሊም ነበሩ።

እናም ወላጆች ሆይ! ዲኗን አስተምራችሁ ላኳት፤ ስትመለስም ተከራከሯት። ነገ ድርሻዋን ስትጠይቅ የምትደነግጡ ከሆነ ግን፣ የፈራችሁት ትምህርቱን ሳይሆን ሐቋን ነው።