በቀስቷ ውስጥ ያለው ልጅ

ብዙዎቻችን ገና በልጅነታችን የቤተሰባችን አስተርጓሚዎች ነበርን። በዕብራይስጥ የተጻፈ ደብዳቤ ሲመጣ እናታችን ከትምህርት ቤት እስክንመለስ ትጠብቅ ነበር። ያነበብነው፣ ቅጹን የሞላነው፣ በስልክ የተከራከርነው እኛ ነን።

ዛሬ ደግሞ በዩኒቨርሲቲ የሥራ ሂደትን በሥዕል ማሳየት እንማራለን። ቢፒኤምኤን የተባለው የአሳሳል ደንብ ከ2013 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የአይኤስኦ መስፈርት ነው፤ ክብ መነሻንና መድረሻን፣ አራት ማዕዘን ሥራን፣ ቀስት ቅደም ተከተልን ያሳያል። አንድ መሥሪያ ቤት አደረጃጀቱን ከመለወጡ በፊት ሥራው ዛሬ እንዴት እንደሚሄድ ይሣላል፤ እንዴት መሄድ እንዳለበት የሚሣለው ከዚያ በኋላ ነው።

ዋናው ጥያቄ ግን ሥዕሉን የሚሥለው ማን ነው የሚለው ነው። በመሥሪያ ቤቱ ሥዕል ላይ «ደብዳቤ ተላከ» እና «መልስ ደረሰ» በአንዲት ቀስት ይገናኛሉ። በቀስቷ ውስጥ ያለውን የልጅ ድካም ማንም አይቆጥረውም። ያልተሣለ ሥራ በጀትም ባለቤትም የለውም። አገልግሎቱ ወደ ኢንተርኔት ሲዛወርም መሥሪያ ቤቱ «ሥራ ቀለለልኝ» ይላል፤ ሥራው ግን አልቀለለም፣ ወደ እኛ ቤት ተዛወረ እንጂ።

ስለዚህ የኢንዱስትሪ ምህንድስናና ማኔጅመንት የምንማር ሁሉ የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን ከወላጆቻችን ቤት እንጀምር። ቀስቷን እንክፈታት። ትርጉም የሚያስፈልግበትን ቦታ በስሙ እንጻፍ፤ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው እንዲይዘውም እንጠይቅ። ታናናሾቻችን የቤት ሥራቸውን ይሥሩ።