ተመራማሪን በአንድ ቁጥር መመዘን ይቅር

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የማዕረግ ዕድገት ሲነሣ ከሥራው ይዘት ቀድሞ ስለ ቁጥሩ መጠየቅ እየተለመደ መጥቷል፤ ስንት አሳተመ? ስንት ጊዜ ተጠቀሰ? ኤች ኢንዴክሱ ስንት ነው? ይህን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ነው። ኤች ኢንዴክሱ 20 ነው የተባለ ሰው እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው። ሂርሽ ራሱ ቁጥሩ ከመስክ መስክ እንደሚለያይ፣ በሕይወት ሳይንስ ከፊዚክስ ከፍ እንደሚል በዚያው ጽሑፉ አስታውቋል። እኛ ቀመሩን ወስደን ማስጠንቀቂያውን ትተነዋል፤ ዋጋውን የሚከፍለውም የሀገራችን ጥናት ነው።

ሁለት ሥራዎችን ጎን ለጎን እንያቸው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2009 «ሳይንስ» መጽሔት በአፋር ስለተገኘችው ቅሪተ አካል ስለ አርዲ 11 ጽሑፎችን በአንድ ጊዜ አወጣ፤ ዶክተር ብርሃነ አስፋውን ጨምሮ 47 ተመራማሪዎች ተሳትፈውባቸዋል። ስለ ሰው ዘር አመጣጥ የሚጽፍ ሁሉ ይጠቅሳቸዋል፤ ይገባቸዋልም። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ሆነው በማይክሮፊልም የተነሡ የኢትዮጵያ ብራናዎችን ዝርዝር ሲያዘጋጁ ኖሩ። ለአንዱ ብራና ብቻ ግዕዙን ማንበብ፣ ዘመኑን ከእጅ ጽሑፉ መለየት፣ በኅዳጉ የሰፈረውን የርስት ወይም የስጦታ ማስታወሻ መልቀም ያሻል። ይህን ሥራ የሚጠቅሱት በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው፤ ብዙዎቹም የሚጽፉት መጽሐፍ ስለሆነ የመረጃ ቋቶቹ በቅጡ አይቆጥሩላቸውም። የፕሮፌሰሩ ስም እንኳ አንዱ ዘንድ «ጌታቸው»፣ ሌላው ዘንድ «ኃይሌ» ተብሎ ስለሚመዘገብ ጥቅሱ ለሁለት ይከፈላል። እ.ኤ.አ. በ1988 የማክአርተር ሽልማት ያገኙትን እኒህን ሊቅ ጉርድ ሾላ ካለው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት ጋር ከሚሠራ የሕይወት ሳይንስ ባለሙያ ጋር በአንድ ቁጥር ማወዳደር ለሁለቱም ፍርደ ገምድልነት ነው።

አንድ ምርምር ብዙ መስክ ሲያቋርጥ ችግሩ ይብሳል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዚያን አስተላላፊ በሀገር ተክል የመግደል ጥናት ከዚያ ተነሥቶ ወደ ኬሚስትሪ፣ ወደ እርሻና ወደ ኅብረተሰብ ጤና ተዘረጋ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ለራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የበቃው ይህ ሥራ ነው። በየመስኩ የመጥቀስ ልማዱ እየተለያየ፣ ድምሩ ምኑን ይነግረናል?

ቁጥር ከቀረ ሹመቱ በዘመድና በትውውቅ ይሆናል የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ከባድ ነው፤ አቃልዬ አላልፈውም። ግን ትውውቅ ቁጥሩ ውስጥም ገብቷል፦ ያልሠራ ሰው ስሙ ይገባል፣ ወዳጆች እርስ በርስ ይጠቃቀሳሉ፣ ገንዘብ የከፈለን ሁሉ የሚያትም ጆርናልም ሞልቷል። ስለዚህ አመልካቹ አምስት ሥራዎቹን መርጦ ያቅርብ፤ ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ያሉ ሁለት የመስኩ ሰዎች አንብበው አስተያየታቸውን በፊርማቸው ይስጡ፤ ቁጥር ካስፈለገም ከዚያው መስክ እኩዮች ጋር ብቻ ይነጻጸር። እ.ኤ.አ. በ2012 የተረቀቀው የሳን ፍራንሲስኮ የምርምር ምዘና መግለጫም ተመራማሪ ባሳተመበት ጆርናል ደረጃ ሳይሆን በራሱ ሥራ ይመዘን ይላል። ጊዜ ይፈጃል ይባል ይሆናል፤ ይፈጃል። የተሾመው ፕሮፌሰር ግን ለዓመታት የሌሎችን የዶክትሬት ጥናት ያማክራል፣ የነገዎቹንም ዕጩዎች ይገመግማል፤ አምስት ጽሑፍ አንብቦ ለመሾም አንድ ሳምንት አይበዛበትም።