ሲሰበር ማን ይጠግነዋል?

ነገሬን ከቤቴ ልጀምር። እናቴ ባለፈው ዓመት አንድ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ገዛች። ሲያዩት ያምራል፣ ያብለጨልጫል። አራት ወር እንኳ በቅጡ ሳያገለግል ጸጥ አለ። ሰፈራችን ወዳለው የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኝ ይዤው ሄድኩ። ሰውዬው አገላብጦ አየውና «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ብሎን የለውም፤ ተጣብቆ ነው የተሠራው። ልክፈተው ብል ይሰበራል» አለኝ። እኔ የዲዛይን ተማሪ ነኝ። ይህ ዕቃ እንዳይከፈት አድርጎ የነደፈው ሰው የሙያ ባልደረባዬ መሆኑን ሳስብ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አፈርኩ።

በዲዛይን ታሪክ ትምህርታችን ስለ አንድ ኤግዚቢሽን ስንማር ያ ሐፍረት ተመልሶ መጣብኝ። ኤግዚቢሽኑ እ.ኤ.አ. በ1972 ኒውዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ከግንቦት እስከ መስከረም የታየው «ኢጣሊያ፦ አዲሱ የቤት ውስጥ ገጽታ» ነው። አዘጋጁ ኤሚሊዮ አምባስ ይባላል። በሙዚየሙ የአትክልት ስፍራ 180 ያህል የቤት ዕቃዎች፣ የዕቃ ማሸጊያ በሚመስሉ ትላልቅ ሣጥኖች ውስጥ ተደርድረው ነበር። አምባስ ዲዛይነሮቹን በሦስት ከፈላቸው። የመጀመሪያዎቹ ምንም ሳይጠይቁ ዕቃ የሚያሳምሩ ናቸው። ሁለተኛዎቹ በዕቃው ትርጉም ላይ የሚቀልዱና የሚለውጡት ናቸው። ሦስተኛዎቹ ደግሞ «ይሄ ሁሉ ዕቃ ለምን አስፈለገ?» ብለው ሙግት የገጠሙ ናቸው።

እኔን የያዙኝ ሦስተኛዎቹ ናቸው። የፍሎረንሶቹ ሱፐርስቱዲዮዎች ለኤግዚቢሽኑ ወንበር ወይም መብራት አልሠሩም። ውስጡ በመስታወት የተከበበች ትንሽ ክፍል አቆሙና ያለ ዕቃ የሚኖር ሕይወት ምን እንደሚመስል ለተመልካቹ አሳዩ። አርኪዙም የተባለው ቡድን ደግሞ ክፍሉን ባዶ አድርጎ ተወው። በባዶው ክፍል ውስጥ አንድ ድምፅ ስለ ውብ ቤት ያወራል፤ ቤቱን መሥራት ያለበት የሰሚው ሐሳብ ነው። ዕቃ ሊያይ የመጣ ሰው ዕቃ አጥቶ ይመለሳል ማለት ነው! ዛሬ ሂሳዊ ዲዛይን የምንለው መጠሪያ አንተኒ ደን እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው መጽሐፍ ቢመጣም፣ ነገርዬው ግን ከዚያ በፊት ነበር።

ታዲያ አንድ የሚከነክን ነገር አለ። የኤግዚቢሽኑን ወጪ ከሸፈኑት መካከል የኢጣሊያ መንግሥት፣ ፊያትና ኦሊቬቲ ይገኙበታል። «የበላበትን ወጭት ሰባሪ» ይባላል በአገራችን። እዚህ ግን ወጭቱን እንዲሰብሩ ገንዘብ የሰጠው ራሱ የወጭቱ ባለቤት ነው። ባለቤቱ ያልደነገጠው ለምን ይመስላችኋል? በእኔ አስተያየት፣ በሙዚየም ውስጥ የተሰበረ ወጭት ገበያውን እንደማይነካ ስለሚያውቅ ነው። ተመልካቹ ተደንቆ ይወጣል፣ ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ይሄዳል።

ስለዚህ ከሁሉም አብልጬ የማከብረው ኤንዞ ማሪን ነው። ማሪ ለዚያ ኤግዚቢሽን ክፍል እንዲሠራ ተጋብዞ አልሠራም፤ ሐሳቡን በጽሑፍ ብቻ ሰጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1974፣ ማንም ሰው በጣውላ፣ በሚስማርና በመዶሻ ሊሠራቸው የሚችላቸውን የ19 የቤት ዕቃዎች ንድፍ ይፋ አደረገ። ከፋብሪካና ከነጋዴ በስተቀር ማንም ሊጠቀምበት ይችላል አለ። የማሪ ትችት ተመልካቹን ሠሪ ያደርገዋል። በገዛ እጁ ወንበር የሠራ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ሱቅ ሲገባ መገጣጠሚያውን ገልብጦ ያያል። እርግጥ ገበያውም ዝም አላለም። እ.ኤ.አ. በ2010 አርቴክ የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ ከእነዚያ ወንበሮች አንዱን ተቆርጦ እንደተዘጋጀ ዕቃ መሸጥ ጀመረ። ቢሆንም ንድፉ ዛሬም ጣውላና ሚስማር ያለው ሰው ሁሉ ሊሠራው የሚችል ነው።

ከክፍል ጓደኞቼ አንዳንዶቹ «እነሱ ዕቃ ስለበዛባቸው ነው፤ የኛ ችግር እጦት ነው። ምን አገባን?» ይሉኛል። ክርክሩን አልንቀውም። ዶርም ውስጥ አንዲት ጠረጴዛ ለሦስት የምንጋራ ሰዎች «ዕቃ በዛብን» ብንል ያስቅብናል። ነገር ግን የማይከፈተው ውሃ ማፍያ እናቴ ቤት ገብቷል። እጦት ያለበት ሰው አንድ ዕቃ ሲገዛ ያጠራቀመውን ነው የሚያወጣው፤ ሲበላሽበት ሌላ መግዣ የለውም። ስለዚህ ጥያቄው እንዲያውም እኛን ይበልጥ ያገባናል። ደግሞስ ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ አይታችኋል? ያረጀ በርሜል ምድጃ፣ ያረጀ ጎማ ጫማ የሚሆንበት ቦታ ነው። እዚያ ያለው ባለሙያ ስለ ሂሳዊ ዲዛይን አንድም ንግግር ሳያደርግ፣ እኛ «ያለቀለት» ያልነውን ዕቃ አላለቀለትም ብሎ ያስረዳናል።

ለትምህርት ክፍላችን ያለኝ ሐሳብ አጭር ነው። በዓመቱ መጨረሻ በምናዘጋጀው ኤግዚቢሽን እያንዳንዱ ሥራ አጠገብ ስምና የማቴሪያል ዓይነት የያዘ ካርድ እናስቀምጣለን። በዚያ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ «ሲሰበር ማን ይጠግነዋል? በምን መሣሪያ?» መልስ የሌለው ሥራ ይታይ፣ ግን መስመሩ ባዶ ሆኖ ይታይ። መምህራኖቻችንም ነጥብ ሲሰጡ ለውበቱና ለዋጋው እንደሚሰጡት ሁሉ ለዚህም ይስጡ። ከሰፈር ጠጋኞች አንዱን ወይም ሁለቱን ጋብዘን ሥራችንን ፈተው እንዲያዩት ብናደርግ ደግሞ፣ ከማንኛውም ገምጋሚ የበለጠ ያስተምሩናል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ስል ራሴን ነፃ እያወጣሁ አይደለም። ባለፈው ሴሚስተር የሠራሁት የጠረጴዛ መብራት ጥሩ ነጥብ አግኝቶልኛል። ትናንት ማታ ከመደርደሪያ አውርጄ አየሁት። ሙሉ በሙሉ በማጣበቂያ የተያያዘ ነው፤ አምፖሉ ቢቃጠል እኔ ራሴ ልቀይረው አልችልም። በዚህ ሳምንት እንደገና እሠራዋለሁ፤ በብሎን።