ዘግኖ ሳያይ

ወረታ ገበያ ሩዝ ገዢ ዘግኖ ሳያይ አይገዛም። ለስልኩ ብራውዘር ሲመርጥ ግን ያው ሰው «ዳታ የሚቆጥበውን ጫንልኝ» ይለኛል። (የባንክ ሠራተኛ ሁሉን ያውቃል ተብሎ ይታሰባል መሰለኝ።)

አልጭንም! ኦፔራ ሚኒ በከፍተኛው የቁጠባ ስልቱ ገጹን በኩባንያው ሰርቨር ላይ ፈትቶና ጨምቆ ነው የሚያቀብለን። ለዜና ይሁን፤ የባንክ የይለፍ ቃል ግን በመንገድ ላይ የሚከፈት ደብዳቤ ነውን? ግጥምስ? ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያም ወዲህ ስንት ዓመት በስንኝ ፈንታ ባዶ ሳጥን ስናይ ኖረናል። ዛሬ ሙሉው ሲገኝ፣ ለጥቂት ብር ብለን መስመሩ ገጣሚው ባላሰበበት ይሰበር?

እኔ ገጹን ከምንጩ በቀጥታ የሚያመጣውን ፋየርፎክስን መርጫለሁ። ዳታ ይበላል ይሉኛል። ይብላ!