አንድ ቡሎን ሳይፈታ ደረሰኝ ተቆረጠ!

መቼም የዲላ ሰው ስለ ቡና እንጂ ስለ ዲፈረንሻል ዘይት ጋዜጣ ላይ ሲጽፍ ሥራ የፈታ ይመስላል። ይሁን እንጂ ቡናው ከቆቸሬና ከገደብ ዳገት በምን ወርዶ ነው ዲላ የሚገባው? ባረጀ አይሱዙና ባረጀ ሃይሉክስ ነው። ያንን ሁሉ ጭነት ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያስተላልፈው ደግሞ ከመኪናው ሆድ ሥር የተቀመጠው ያ ድቡልቡል ብረት ነው። ማንም አያየው፣ ማንም አያስታውሰው። መጮህ የጀመረ ቀን ግን ባለቤቱም ይጮሃል።

እኔም አንዲት የተጎሳቆለች ሃይሉክስ አለችኝ። ባለፈው ዓመት ከቡና ለቀማው በፊት «እስቲ አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ላሳክማት» አልኩና ከዲላ ወጥቼ ወኪል ነኝ ወደሚል ጋራዥ ወሰድኳት። ስሙን አልጠራም። ቁልፉን ተቀበሉኝ፣ ከመስታወት ጀርባ አስቀመጡኝ፣ ቴሌቪዥን ከፈቱልኝ። ከሥር ገብቼ ልይ ብል «አይፈቀድም ጌታዬ» አሉኝ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ደረሰኝ መጣ። «የዲፈረንሻል ዘይት ቅየራ» ይላል በግልጽ፤ የእጅ ዋጋውም ከዘይቱ ዋጋ በልጦ ተቀምጧል። ከፈልኩ።

ዲላ ስገባ ነገሩ አላስችል ብሎኝ ከሥር ገባሁ። ምን ባይ ጥሩ ነው? ከቡሌ መንገድ የተሸከመችው ቀይ ጭቃ ቡሎኑ ላይ ደርቆ እንደ ማኅተም ተቀምጧል! ስልክ ደወልኩ። «ሲስተሙ ላይ ተቀይሯል ይላል» አለችኝ ልጅቱ በትሕትና። ሲስተሙ ተቀይሯል ይላል፤ ጭቃው አልተቀየረም ይላል። እንግዲህ ማንን ልመን?

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። «ጋሼ፣ ይህችን ነገር ያሳዩኝ» አልኳቸው። ሳቁና «ልጄ፣ መጀመሪያ የላይኛውን ፍታ» አሉኝ። ይህች አንዲት ምክር የደረሰኙን ዋጋ ታወጣለች። ዲፈረንሻል ሁለት ቡሎን አለው፤ የላይኛው መሙያ፣ የታችኛው ማፍሰሻ ነው። አሮጌውን አፍስሰህ ስታበቃ የላይኛው ዝጎ አልፈታም ቢልህ፣ ባዶ ዲፈረንሻል ታቅፈህ መንገድ ላይ ቀረህ ማለት ነው።

ሌላው ቀላል ነው። ለሃይሉክስ ክሪክ እንኳ አያስፈልግም፤ እንዲያውም በክሪክ ያዘመመች መኪና የዘይቱን ልክ ታሳስታለች። ትንሽ ነድተህ ዘይቱን አሙቀው፣ ሜዳ ላይ አቁም፣ ጎማውን በድንጋይ አስደግፍ። የወጣው ዘይት እንደ አተላ ጠቁሮ ነበር። የታችኛው ቡሎን ማግኔት ላይ አመድ የመሰለ ልቃቂት ብታገኝ አትደንግጥ፣ የተለመደ ነው፤ የጥርስ ስባሪ ብታገኝ ግን ደንግጥ። ወተት መስሎ ከወጣ ውኃ ገብቶበታል፤ ወንዝ የሚሻገር መኪና ይህን ይወቅ። አዲሱን እያንቆረቆርክ በላይኛው ቀዳዳ ከንፈር ላይ መፍሰስ ሲጀምር በቃ። የእኔዋ ሦስት ሊትር አልሞላችም። አርባ ደቂቃ ፈጀሁ፣ ሸሚዜም ሄደ።

ዘይቱ የሞተር ዘይት እንዳይሆን! ጂኤል 5 የሚለውን፣ ለብዙዎቹ መኪኖች 80 ደብልዩ 90 የሆነውን፣ የመኪናውን መጽሐፍ አይቶ መግዛት ነው። «ይኸው ለካምቢዮም ይሆናል» የሚል ባለሱቅ ቢያጋጥምህ እሺ አትበል፤ የአንዳንድ አሮጌ ካምቢዮዎችን የነሐስ ቀለበት ይበላል። አሮጌውን ዘይት ደግሞ ቦይ ውስጥ የምትደፉ ወገኖቼ እግዜር ይይላችሁ። የጌዴኦ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ ብለን ጨፍረናል፤ ቡና የሚታጠብበትን ወንዝ በዘይት መበከል ግን አልተውንም። በጀሪካን አስቀምጡት።

ሁሉም ሰው ከመኪና ሥር ይግባ አልልም። ዋስትናዋ ያላለቀ አዲስ መኪና ያለው ወደ ወኪሉ ይሂድ፣ ደረሰኙንም ይያዝ። ዲፈረንሻሉ መጮህ የጀመረበትም ባለሙያ ይፈልግ፤ ያ የዘይት ጉዳይ አይደለም። የእኔ ክርክር ሌላ ነው። በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ብርን ለገበያ ለቀቀው፤ ከውጭ የሚመጣ ዘይትና መለዋወጫም ዋጋው አሻቀበ። ጥሩ! ያለችንን አሮጌ መኪና እስከ መቃብር መንዳት ግድ ሆነብን ማለት ነው። ታዲያ ይህን ያዘዘብን መንግሥት ጋራዡን ማን ይቆጣጠርልን? በዓመት አንዴ ለቦሎ ስንሰለፍ የእኛን መብራትና ፍሬን ይመረምራሉ፤ ያልሠራውን ሠራሁ ብሎ ደረሰኝ የሚቆርጠውን ማን መረመረው? አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። መብቱ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ማየት ከሆነ አዋጁ ለምን ታወጀ? የመንግሥት ሰሌዳ የለጠፈው ላንድክሩዘር ወኪል ጋር ሲገባ ሒሳቡን የምንከፍለው እኛው ነን። የእሱስ ቡሎን ተፈቶ ይሆን? ከሥር ገብቶ ያየ ሹም ካለ ይንገረኝ።

ለጊዜው የምጠይቀው ትንሽ ነው። ባለመኪናው ሥራው ሲሠራ ቆሞ ይይ። አሮጌው ዘይት ሲወጣ ያሳዩት። የሰፈር መካኒክ ይህን ሁሌም ያደርገዋል፤ በካርቶን ላይ አጋድሞህ «ይኸው ጋሼ፣ እየው» ይልሃል፣ የሚጠይቀውም ከወኪሉ በእጅጉ ያነሰ ነው።

ጭቃውን ከነቡሎኑ ፎቶ አንስቼ ከደረሰኙ ጋር ለጋራዡ ልኬያለሁ። ሲስተሙ እስካሁን መልስ አልሰጠኝም።